ሕግና በጎነት በጨዋታ ሠሌዳ ላይ

ለመሆኑ ሕግ አክባሪ ሁሉ ደግ ነውን? ሕግ የጣሰስ ሁሉ ክፉ ነውን? ይህ ጥንታዊ ጥያቄ ከፈላስፎች ጉባኤ ወጥቶ በአንድ ምናባዊ ጨዋታ ውስጥ መገኘቱ ሊያስገርመን አይገባም፤ ጨዋታም የሰው ልጅ ራሱን የሚመረምርበት አንዱ መንገድ ነውና።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰባስበው እያንዳንዳቸው አንድን ገፀ ባሕርይ በቃል የሚተውኑበት ጨዋታ ነው። በመጀመሪያው እትም ገፀ ባሕርያት የሚሰለፉት ከሕግ፣ ከሥርዓተ አልበኝነት ወይም ከገለልተኝነት ጎራ ነበር። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ግን የደግነትና የክፋት መለኪያ ከሕጉ መለኪያ ጋር ተጣምሮ፣ የምግባር ሰልፉ ዘጠኝ ሆነ። ሕግ አክባሪው ክፉና ሥርዓተ አልበኛው ደግ በአንድ ሠሌዳ ላይ ቦታ አገኙ። የሠሌዳው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ትእዛዝ መፈጸም ብቻውን የደግነት ምስክር አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሠሌዳው የራሱ አደጋ አለው። አንዳንድ ተጫዋች ባልንጀሮቹን ከድቶ ወይም ምርኮኛ ገድሎ ሲጠየቅ፣ «እኔ ምን ላድርግ፤ የገፀ ባሕርዬ ጠባይ ነው» ይላል። ጠባዩን የመረጠው፣ ቃሉንም የተናገረለት ማን ሆነና! በ1979 የወጣው የዳኛው መመሪያ ይህን ማምለጫ ለመዝጋት ሞክሯል፤ ዳኛው የገፀ ባሕርዩን ድርጊት እየተከታተለ፣ ድርጊቱ ከተጻፈለት ሰልፍ ከራቀ ሰልፉን እንዲለውጥበት ያዛል።

ፓላዲን የተባለውን ተዋጊ እንውሰድ። በ1978ቱ ደንብ መሠረት ሕግ አክባሪም ደግም መሆን ግዴታው ነው፤ አውቆ ክፉ ሥራ ከሠራ ማዕረጉን ያጣል። እንግዲህ የከተማው ሕግ አንድን ንጹሕ ስደተኛ ለገዳዮቹ አሳልፎ እንዲሰጥ ቢያዘው ምን ያደርጋል? በወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን የሰፈሩት ሁለቱ ቃላት አሁን ተፋጠጡ። ተውኔትም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፌ ተውኔት ገፀ ባሕርዩን «ደግ» ብሎ ቢያስተዋውቀው ተመልካች አይቀበለውም፤ ደግነቱ ምን እንዳስከፈለው ማየት ይሻል። በሕይወት መድረክም ቢሆን ሰው ራሱን በየትኛው ጎራ እንዳሰለፈ ከመጠየቃችን በፊት፣ ያ ስደተኛ ደጁን ባንኳኳ ጊዜ በሩን ከፍቶለት እንደሆነ እንጠይቅ።