ክዳን የሌለው ጉድጓድ

«መድኃኒት» የሚለው ቃል «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ መድኃኔ ዓለም የሚለው ስምም ከዚያው ይመዘዛል። በአዊ ዞን በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባለ የገበሬ ቤት ግን ቃሉ ሌላም ሥራ አለው። የድንች መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒት፣ የነቀዝ መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት ይባላል፤ የሚገድለው ሁሉ በሚያድነው ስም ይጠራል። አዋቂ ከአነጋገሩ ይለየዋል። የሦስት ዓመት ልጅ የሚያውቀው መድኃኒት ግን አንድ ብቻ ነው፦ ሲያተኩሰው እናቱ በማንኪያ የምታጠጣው ጣፋጭ ሽሮፕ።

መርዙ ወደ ቤት የሚገባው ያለ ብዙ ወግ ነው። ኬሚካሉ በችርቻሮ ሲገዛ ከትልቁ ዕቃ ተቀድቶ በሃይላንድ ይመጣል፤ ላምባውም በረኪናውም እንደዚሁ። ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ዕቃ ሻጩ ዘንድ ይቀራል፤ ቤት የሚደርሰው የውሃ ጠርሙስ ነው። ለነቀዝ የሚደረገው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለም። ክኒኑ የተጨመረበት የእህል ጎታ ቤተሰቡ ከሚተኛበት መደብ አጠገብ ከቆመ ነቀዙም ሰዉም የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው።

እንዲህ ያለ አደጋ ልጅ ሲወስድ ለቀስተኛው «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል፤ የኢዮብ ትዕግሥት ይነሣል። በዚያ ሰዓት ለእናቲቱ ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም፤ ማንም ሊነጥቃት አይገባም። ችግሩ ማጽናኛው ምክንያት ሆኖ ሲቀር፣ ከአርባው በኋላም ጠርሙሱ ወደ ነበረበት ሲመለስ ነው። ማንም ያላሰበው ሞት ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ብቻ ነው ወይስ የባለቤቱም ድርሻ አለበት?

ኦሪት ሳይታሰብ የሚደርስን ጉዳት ሁሉ በአንድ ሚዛን አትመዝንም። በዘዳግም 19 ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ዱር የወረደ ሰው አለ፤ መጥረቢያው ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ቀድሞ ጥል አልነበራቸውምና ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ ይድናል። በዘፀአት 21 ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የሄደ ሰው አለ፤ የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ይከፍላል። ይህኛውም ጉዳቱን አልፈለገም። ነገር ግን መጥረቢያው የወለቀው በቅጽበት ሲሆን ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ውሏል፤ ለመክደን ጊዜ ነበረ። በዚያው ምዕራፍ ወጊው በሬም አለ፦ ወጊነቱ ያልታወቀ በሬ ሰው ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ ተነግሮት ያልጠበቀው ከሆነ ግን በሕይወቱ ይጠየቃል። ፍትሐ ነገሥትም ሆን ብሎ የገደለውን ሳይፈልግ ከገደለው ይለያል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በበኩሉ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል።

በዚህ ሚዛን በሃይላንድ የተቀመጠ ኬሚካል መጥረቢያ ሊባል አይችልም። ከአልጋው ሥር ወር ከርሟል።

የከሰል ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በዚያው በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን የዲከረንስ ዛፍ በማሳው ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስላል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ይጫናል፤ የብዙ ቤት ጎጆም ቀና ብሎበታል። ያው ከሰል ብርዱን ለመከላከል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ጋዙ ኦክስጅን ተሸካሚውን የደም ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። ከደጅ አቀጣጥሎ ጭሱ ሲያልቅ ፍሙን ማስገባት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ጋዙ ግን ከጭሱ ጋር አብሮ አይወጣም፣ ከጠራው ፍምም ይመነጫል። ይህን ሰምቶ ለማያውቅ ቤተሰብ አደጋው ከመጥረቢያው ወገን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ቀን ቤት ገብታ ከነገረች በኋላ ግን ማንደጃው ወጊ በሬ ሆኗል፤ ማንደጃው ሳይለወጥ የባለቤቱ ዕዳ ተለውጧል።

ተቃውሞ ከእምነትም ወገን ይነሣል። በማርቆስ ወንጌል መጨረሻ የሚያምኑ ሰዎች የሚገድል ነገር ቢጠጡ እንደማይጎዳቸው ተጽፏል። ሆኖም በማቴዎስ 4 ክርስቶስ ከመቅደሱ ጫፍ እንዲዘል ሲጠየቅ አምላክን መፈታተን ነው ብሎ እንቢ ብሏል። ተስፋው ሳያውቅ ለጠጣ እንጂ አውቆ ለሚያስቀምጥ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የኤልሳዕም ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል (2ኛ ነገሥት 4)። በረሃብ ዘመን አንዱ የማያውቀውን የዱር ቅል ለቅሞ ወጡ ውስጥ ከተፈው። የቀመሱት ጮኹ፤ መብላቱንም ተዉ። ነቢዩ ዱቄት አስመጥቶ ምንቸቱን ፈወሰ እንጂ፣ እምነት ካላችሁ ዝም ብላችሁ ብሉ አላላቸውም።

ጸበልና ሐኪምም በዚህ ጉዳይ የሚፎካከሩ አይደሉም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም ከምድር የሚበቅለውን መድኃኒትም የእግዚአብሔር ፍጥረት ይላቸዋል። ስለዚህ ልጅ መርዝ ሲጠጣ ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን አይቃረንም። ላምባ የጠጣ ልጅ እንዲያስታውክ ማድረግ ላምባውን ወደ ሳንባ ይሰደዋል፤ በረኪናም ሲመለስ ጉሮሮን ዳግም ያቃጥላል። በሁለቱም ልጁ እንዲያስታውክ ሳያደርጉ፣ ጠርሙሱን ጭምር ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ይገባል።

ቀን ቆራጩ ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ የክዳን ዓይነት ለውጥ ባላመጣ ነበር። አሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የመድኃኒት ክዳን ሕፃን እንዳይከፍተው ተደርጎ እንዲሠራ ካዘዘች በኋላ በአስፕሪን የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በጉልህ ወረደ። ዘዳግም 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ትእዛዙ የመጣው ገና ማንም ሳይወድቅ ነው። በአዊ ቤት ሰገነት የለም። መከታው ከመኝታው ውጭ ያለ ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ከነጽሑፉ የተቀመጠ የኬሚካል ዕቃ፣ ቤተሰቡ ሳይተኛ ወደ ደጅ የወጣ ማንደጃ ነው።