በሥጋችን ውስጥ ስለ ተተከለው ሚዛን

ምስጋና ሁሉ ሰውን በልክ ለፈጠረው ለአላህ ይሁን፤ እዝነትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰዎቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ የአላህ ባሮች ሆይ! ነጋድያን ናችሁና ሚዛን የሚያጐድል ሰው ምን እንደሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ዛሬ የምንናገረው ግን በሱቅ ስላለው ሚዛን አይደለም፤ ማንም ሳያየው ሌሊትና ቀን በሥጋችሁ ውስጥ ስለሚመዝነው ነው።

ካደገ ሰው ክብደት ከመቶ 60 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ አዲስ በተወለደ ሕፃን ደግሞ ከመቶ 75 ይደርሳል። ውሃውም ያለ ጨው አይደለም። ሶዲየም የሚባለው ጨው አብዛኛው ከሕዋሳት ውጭ፣ ፖታሲየም የሚባለው አብዛኛው በሕዋሳት ውስጥ ይኖራል፤ ልካቸው እጅግ ቢዛባ ልብ ይታወካል፣ አእምሮም ይደነግዛል። ይህን የሚጠብቁት ሁለቱ ኩላሊቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ጭብጥ የሚያህሉ ሲሆኑ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚያም ከመቶ 99 እጅ ያህሉን ለደም መልሰው፣ አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ በሽንት ያስወጣሉ። ይህን ያህል ገቢና ወጪ በየቀኑ አስተናግዶ ሒሳቡ የማይፋለስ መጋዘን ከእናንተ ማን አለው?

ደም ውስጥ ያለው ጨው ጥቂት ከፍ ቢል፣ በአንጐል ሥር ያለው ጠባቂ ወዲያው ያውቃል፤ ጥማትን ይቀሰቅሳል፤ ውሃ እንዲቆጥብም ለኩላሊት ሆርሞን የሚባለውን መልእክተኛ ይልካል። የጾመኛ ሽንት ከቀትር በኋላ የሚያንሰውና የሚጠቁረው ስለዚህ ነው።

ተቅማጥ ግን ይህን ሚዛን ያሸንፋል። የታመመው ሕፃን ውሃውንም ጨውንም በአንድነት ያጣል፤ ኩላሊቱም ያለውን ይቆጥብ እንደ ሆነ እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ውሃ ብቻውንም ማጠጣት አይበቃም። አላህ በአንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ጨው አብረው የሚገቡበትን በር አድርጓል፤ እነርሱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ሐኪሞች ይህን በዳካ ከተማ በኮሌራ በሽተኞች ላይ አረጋገጡ። በ1971ም የምሥራቅ ፓኪስታን ስደተኞች በተጠለሉበት በቦንጋኦን፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህንኑ ውሃ ለበሽተኞች አስጠጣ፤ ከታከሙትም ከመቶ 4 የማይሞሉት ብቻ ሞቱ።

(ተርጓሚው ለአገራችን ሰው ይህን ይጨምራል፤ በሆሳዕና መናኸሪያ አውቶቡስ የምትጠብቅ እናት፣ ልጁ በመንገድ እንዳያስቸግር ብላ ውሃ ልትከለክለው ትችላለች። አትከልክይው፤ ጡትም አታስጥይው። በእኛ ዘንድ «ለምለም» በሚል ስም የታወቀውን ዱቄት አንዱን እሽግ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ፣ በማንኪያ ቀስ በቀስ አጠጪው። ዱቄቱ ከታጣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ልክ በልክ የሆነ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ጨው ቢበዛ ይጐዳል፤ ስለዚህ አባት ለደንበኛ እንደሚሰፍር አድርጎ ይስፈር። ዓይኑ ከጐደጐደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ ወይም ሽንቱ ከቆመ ግን ጕዞው ይቅርና ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።)

ጾመኛው ራሱ በዚህ በሽታ ቢያዝ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ አይጠማ። ለበሽተኛና ለመንገደኛ መብላትና መጠጣት ተፈቅዶለታል፤ የፈታውንም ቀን ቈጥሮ ሲድን በሌላ ጊዜ ይጹም።