የአንድ ልጅ መመረጥና የፍትሕ ጥያቄ

አሜሪካዊው ወንጌላዊ ኤቨረት ስዋንሰን እ.ኤ.አ. በ1952 በጦርነት ወላጆቻቸውን ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ሲል የመሠረተው ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል፣ ዛሬ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በኢትዮጵያም ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጋር የሚሠራ ሲሆን፣ ዋና መንገዱ ስፖንሰርሺፕ፣ ማለትም ለጋሹ በስም የሚያውቀውን አንድ ልጅ በየወሩ በሚሰጠው ገንዘብ የሚደግፍበት ሥርዓት ነው። ምሕረት እንዲህ አንዱን ለይታ ስትሰጥ፣ ከዚያው ቤት ያልተመረጠው ልጅ ምን ይሆናል? በተለይ ፕሮግራሙ ወደ አንድ መንደር ሲገባ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ያለፈ ልጆች ሳይመዘገቡ መቅረታቸው፣ ድህነታቸው ከታናናሾቻቸው የማያንስ በመሆኑ፣ እጅግ የሚያሳዝን ነው። ጥቅሙ ግን አይካድም፤ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ብሩስ ዋይዲክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት፣ ኡጋንዳንና ኬንያን ጨምሮ በ6 አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ድጋፉ የልጆቹን የትምህርት ቆይታ ከ1 እስከ 1.5 ዓመት ገደማ እንዳራዘመ አሳይቷል። ለሁሉም መድረስ አለመቻል ለአንዱ ከመድረስ አያግድም። ይሁን እንጂ ምጽዋት በስውር ይሰጥ የሚለው ትምህርት ሰጪውን ከታይታ የሚጠብቀውን ያህል የተቀባዩንም ክብር ስለሚጠብቅ፣ ለለጋሹ የሚላኩት የልጁ ፎቶግራፍና የምስጋና ደብዳቤ የእርዳታው ዋጋ ሊሆኑ አይገባም፤ ለጋሽ የሆነ አማኝ ሁሉ የልጁን እናትና ታላላቆቹንም የሚያቅፍ አሠራር ይጠይቅ።