በደጅህ የቆመው ተማሪ

ልጄ፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲደርስ ነጠላህን አጣፍተህ ከሕዝቡ ጋር ስትዘምር አይሃለሁ፤ ደስም ይለኛል። በዓሉ አልፎ ተራው ማክሰኞ ሲመጣ ግን እምነትህ የት እንደሚውል አስባለሁ። ለሰው መራራት፣ ላገኙት ማመስገን፣ በጸሎት መትጋት፣ እነዚህ በተራ ቀን የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። በተራ ቀን ያልተለመደ ነገር ደግሞ በቁርጥ ቀን ከየትም አይመጣም። አባቶችህና እናቶችህ ከቡሬ እስከ ደምበጫ በተዘረጋው በዚህ አገር እንዴት እንደኖሩበት ላጫውትህ። ታገሠኝና ስማ።

ምዕራብ ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ ማርያምና ጎንጅ ቴዎድሮስ፣ ከወሎው ዋድላ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣ የቅኔ ምንጮች ናቸው። ወደነዚህ ጉባኤዎች ይመጣ የነበረው ልጅ ብዙ ጊዜ ወላጆቹን አስፈቅዶ አልነበረም። ከብት ጠብቅ ሲባል በሌሊት ተነሥቶ ይጠፋል። ዘመድ ተከታትሎ እንዳይመልሰው አገር አቋርጦ ይሄዳል። ሀብቱ በጀርባው ያለው የበግ ለምድ፣ በትከሻው ያንጠለጠላት አኩፋዳና የውሻ መከላከያ ዱላው ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከጓደኞቹ ጋር የሣር ጎጆ ይቀልስና ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። ጠዋት ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተጠግቶ ቅኔውን ሲቆጥር ያረፍዳል፤ በነገራው ሰዓት የቆጠረውን ለየኔታ ያቀርባል። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፤ በየቀኑ አዲስ መቁጠር አለበት።

ያ ልጅ የሚበላው ግን የለውም። ስለዚህ ወደ መንደር ይወርድና በየአጥሩ ቆሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል። ስለ ማርያም ስም ብላችሁ ማለቱ ነው። የአገሩ ሰው ያን ድምፅ ሰምቶ ዝም አይልም። ያላት ትሰጣለች። የሌላት እንኳ ወጥታ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተማሪዬ» ብላ ትሸኘዋለች። ልብ አድርገህ እይልኝ፤ እጇ ባዶ የሆነ ሴት የምትመልስለት ጸሎት ነው። በዚያ ደጃፍ ላይ ሰውን ፊት ነስቶ መመለስ ነውር ነበር።

ሐምሌና ነሐሴ በእኛ አገር የችግር ወራት እንደሆኑ ታውቃለህ። ጤፉ ገና እየተዘራ ነው፤ በቆሎው እሸት አልደረሰም፤ ጎተራው ተጠርጎ ወለሉ ይታያል። በቡሬና በማንኩሳ መካከል ትኖር የነበረች አንዲት እናት አውቅ ነበር። አራት ልጆች ነበሯት፣ ባሏ የሞተባት። በአንድ የክረምት ቀን የዳጉሳ እንጀራ ጋግራ ለልጆቿ ስታካፍል ተማሪው በዝናብ ርሶ ከአጥሩ ቆመ። ውሻው ጮኸ። ወጥታ ውሻውን ገሠጸችና «ግባ፣ ከእሳቱ ቅረብ» አለችው። አኩፋዳውን ሲዘረጋ «እሱን ተወው፤ ትኩሱን ብላ» ብላ ከአንዱ እንጀራ እኩሌታውን ቆርሳ ሽሮ አደረገችበት። ትንሹ ልጇ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እማዬ፣ የእኔ ነበር እኮ» አላት።

«የአንተ እናት እዚህ አለች» አለችው። «የእሱ እናት ግን እዚህ የለችም።»

እዚህ ላይ ቆም በል። ይህች ሴት የሰጠችው ከትርፍ አልነበረም። በማግሥቱ ለልጆቿ ምን እንደምታቀርብ አታውቅም ነበር። ላለመስጠት በቂ ምክንያት ነበራት፤ ብትከለክለውም የሚወቅሳት አልነበረም። ምርጫዋን ግን ዋጋው ገብቷት መረጠች። ነቢዩ ኤልያስ በሰራፕታ ከተማ በር ላይ ያገኛት መበለትም የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄት ነበር። ልጄ፣ «ሲተርፈኝ እሰጣለሁ» የምትል ከሆነ የምትሰጥበት ቀን እንዳይርቅብህ እፈራለሁ። የሚተርፍ ነገር ሁልጊዜ ነገ ነው ያለው። አባቶች «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

ተማሪው በልቶ ሲነሣ ያቺ እናት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። የክርስትና ስሟን ነግራ «በጸሎትህ አስበኝ» አለችው። ይህ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ሰው በገበያና በእርሻ የሚጠራበት ስም ሌላ ነው፤ በቅዳሴና በጸሎት የሚታሰብበት ስም ሌላ። ለተማሪው የሚሰጠው ይኸኛው ነው። እሱም ከብዙ ደጃፍ የሰበሰበውን ስም በልቡ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል።

አሁን የተማሪውን ምርጫ ተመልከት። መንገድ ላይ ማንም አያየውም። ከአኩፋዳው ደህና ደህናውን መርጦ ቢበላ የሚያውቅ የለም። የጎጆው ሥርዓት ግን የተገኘው ሁሉ በአንድ ላይ ይፍሰስና ይካፈል የሚል ነው፤ ለታመመው፣ ውሻ ነክሶት መውጣት ላልቻለው፣ ለሽማግሌው የኔታ ይደርሳል። ሲመሽ ውዳሴ ማርያሙን ደግሞ ያን የስም ዝርዝር ይጀምራል። ደክሞታል፤ ነገ የሚያቀርበው ቅኔ አልሞላለትም፤ እግሩ ቆስሏል። ቢተወው ሴትዮዋ አታውቅም። ያወቀ ተማሪ ግን አይተወውም። ምስጋና ለእሱ በአፍ ተብሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሌሊት ተነሥቶ የሚከፍለው ዕዳ ነው። የበላውን እንጀራ በጸሎት ይመልሳል፤ ለሌላው ደግሞ የተማረውን በማስተማር። ቅኔ የገባው ተማሪ ገና ያልገባውን ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታም ደመወዝ የላቸውም።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በተስቦ ከአገሩ ርቆ የተቀበረ አለ። ወላጆቹ ይመጣል ሲሉ ጠብቀው ጠብቀው ተስፋ የቆረጡበት አለ። ከዚህ ሁሉ ያለፉት ግን ለአገር ብርሃን ሆኑ። ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች የተማሩ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የቤተ ክህነት ተማሪውን የበዛብህን ነገር ሲጽፉ የሚያውቁትን ዓለም ነው የጻፉት። ለተማሪ እንጀራ የቆረሰች እናት ማንን እንዳሳደገች ሳታውቅ ሞታለች። ማወቅም አላስፈለጋትም።

ይህ የደጃፍ ልማድ ሕዝብን ምን እንደሚያደርገው የታየበት አንድ የቁርጥ ቀን ነበር። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። በየካቲት መጨረሻ ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቀቀ። ንጉሡ በቡሬ አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ዛሬ በአውቶቡስ የምትመላለስበት ይህ የጎጃም መንገድ የዚያ ጉዞ መንገድ ነው። በመላ አገሪቱ በጣሊያን ላይ ቂም ነበር፤ ምክንያትም ነበረው። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ተረሽነዋል። በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደም ታጥባለች፤ በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፍጭፈዋል። በጎጃምም የተቃጠለው ጎጆና የሞተው ሰው ብዙ ነው። አዲስ አበባ በገቡበት ቀን ግን ንጉሡ ለሕዝባቸው ያሉት ክፉን በክፉ አትመልሱ፣ ጠላት የሠራውን ግፍ እናንተ አትሥሩ የሚል ነበር።

ይህን ማለት ለተናጋሪው ከባድ ነው፤ መስማት ደግሞ ልጁን ለቀበረ ሰው የባሰ ይከብዳል። ይህ ቃል ሰሚ ያገኘው፣ እንደ እኔ እምነት፣ ሕዝቡ ለማያውቀው ሰው እንጀራ ሲቆርስ ስለኖረ ነው። የማያውቀውን ልጅ «ስለ ማርያም» ብሎ ያበላ እጅ፣ የተማረከ ጠላት ፊቱ ሲቆም ያንኑ ስም ያስታውሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ያ ምሕረትም በአንድ ቀን የተወለደ አልነበረም።

ታሪኩን ግን ግማሹን ነግሬህ ግማሹን ብደብቅህ በደልሁህ። ለባዕድ የተዘረጋው እጅ ለወገን ያጠረበት ጊዜ አለ። በዚሁ በጎጃም ጣሊያንን አምስት ዓመት መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣው በላይ ዘለቀ፣ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። የፖለቲካውን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። የጎጃም ሰው ግን እስከ ዛሬ ሲያነሣው ድምፁ ይሰበራል። ከዚህ የምትማረው ነገር አለ፤ ከባዕድ ይልቅ ወንድምን ይቅር ማለት ይከብዳል። ባዕዱ ተሸንፎ ይሄዳል። ወንድምህ ግን ከጎንህ ይኖራል፤ በደሉንም በየቀኑ ታየዋለህ። ስለዚህ ቸርነት እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው ሩቅ ላለው ስታዝን አይደለም። ስምህን ለሚያውቀው፣ በድንበር ለተጣላህ፣ በውርስ ለተቀያየምህ ሰው ስትራራ ነው።

ወደ አንተ ልመለስ። በፍኖተ ሰላምም በቡሬም አሁን የሚሠራው ቤት አጥሩ ረዥም፣ በሩ ላሜራ ነው። ሌባ በዝቷል፤ አጥር ማጠርህን አልነቅፍም። ግን የተማሪው ድምፅ ሳሎን ድረስ አይዘልቅም፤ ቴሌቪዥኑም ይበልጠዋል። ተማሪዎቹ አልጠፉም። በዚህ ሰላም በራቀበት፣ እህል በተወደደበት ጊዜ እንኳ ለምዳቸውን ለብሰው በየገጠሩ አሉ። ስትሰጥ ደግሞ ስልክህን አውጥተህ ፎቶ አታንሣ። ያቺ እናት ልጁን ከእሳቱ ያስጠጋችው ማንም ሳያያት ነው። የተራበን ሰው ፊት ለሌላ ሰው ማሳየት ከእጁ የሰጠኸውን መልሰህ እንደ መንጠቅ እቆጥረዋለሁ።

ምስጋናህንም ፈትሽ። ሌሊት ተነሥታ ወረፋ ይዛ ውኃ የምትቀዳውን እህትህን መቼ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሃት? በዝናብ ከትምህርት ቤት ያደረሰህን የባጃጅ ሾፌርስ? ገንዘቡን ተቀብሏል ትለኛለህ። ተቀብሏል፤ ቢሆንም አመስግነው። ለሰው ማመስገን ያልለመደ ምላስ ለእግዚአብሔር ሲያመሰግን የሚለው ከደብተር ያጠናውን ብቻ ይሆናል። ማዕድ ስትነሣ ጋጋሪዋን ሳታመሰግን አትነሣ። ይህ ትንሽ ይመስልሃል፤ ለእሷ ግን ትንሽ አይደለም።

ስለ ጸሎት ብዙ አልልህም፤ የንስሐ አባትህ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። በስልክህ ውስጥ የመዘገብኸው ስም መቶ ያልፋል። ዛሬ በጸሎት ያነሣኸው ስንቱን ነው? ያ ተማሪ ስልክ አልነበረውም፤ ሰሌዳም አልነበረውም፤ ያበሉትን ሰዎች ስም ግን ቃል በቃል ይዞ ያድር ነበር። ዛሬ ማታ ሦስት ስም ይዘህ ጀምር። አንዱ መልካም ያደረገልህ ይሁን፤ አንዱ የተቸገረ ይሁን። ሦስተኛው ስሙን ለመጥራት አፍህ የሚከብደው ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ከልብህ አይወጣልህ ይሆናል፤ ቢሆንም በል። በሳምንቱ ስለዚያ ሰው የምታስበው ነገር መለወጥ ይጀምራል። ያየሁት ስለሆነ ነው የምነግርህ።

ከታላቅ ወንድምህ ጋር በአባታችሁ መሬት ወሰን መነጋገር ካቆማችሁ እንደቆየ ሰምቻለሁ። ማን እንደገፋ አልጠይቅህም። የሚመጣው እሑድ ቅዳሴ ሳይደርስ ሽማግሌ ይዘህ ወደ ቤቱ ሂድ። እሱ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ አንተ ታናሽ ነህና ቀድመህ ሂድ።