እናቲቱን ትተሽ ልጇን ውሰጂ

የወንድሜ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ካክተሶቼ ለምን እየበሰበሱ ይሞቱብኛል? ደግሞስ ከያቤሎ በኩል የዱር ሬት ነቅሎ በከረጢት የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ፣ ልግዛው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሁለቱን አንድ ላይ መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። ዕድሜዬ እዚህ ጌዴኦ፣ ባንኮ ጎቲቲ በቡናና በእንሰት መካከል ያለፈ ነው፤ በግብርና ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመንም ተክል እወዳለሁ የሚል ሰው ተክል ሲገድል ብዙ አይቻለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ካክተሶችሽን የሚገድላቸው ፍቅርሽ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጪ አንድ ጣሳ፣ ማታ ስትገቢ አንድ ጣሳ ታጠጫቸዋለሽ። ሲበዛ ማርም ይመራል። የእኛ አገር አፈር ቀይ፣ ጥልቅና ውሃ የሚይዝ ነው፤ ለቡና እሰየው የሚያሰኝ ነው። ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ጠጠር ላይ ለተፈጠረ ተክል ግን መቃብሩ ነው። ካክተስ ውሃውን ግንዱ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ቆዳው እንደ ሰም የተቀባ ነው፤ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ቀን ዘግቶ ይውላል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍታቸዋል። እንዲህ ቆጥቦ የሚኖርን ፍጥረት ሥሩን በጭቃ ብታፍኚው አየር ያጥረውና ከታች ይበሰብሳል፤ ላይ ላዩን ግን ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። አንቺም ጠውልጎ ከሆነ ብለሽ ትጨምሪለታለሽ።

እንዲህ አድርጊ። ከአፈሩ ጫፍ ላይ ግንዱን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ጫን በዪው። ጠጣር ከሆነ ደህና ነው። ከለሰለሰ ወይም ቡናማ ውሃ ካወጣ ጊዜ አትስጪው፤ በተሳለና በአልኮል በተጠረገ ቢላ ከብስባሱ በላይ ቁረጪ። የተቆረጠውን ፊት ተመልከቺ፦ መሃሉ ላይ ቡናማ ነጥብ እንኳ ከታየሽ ገና አልጠራምና እንደገና ቁረጪ፣ ሥጋው ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ቁስሉ ደርቆ ቆዳ እስኪያበጅ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ ወፍራም ግንድ ከሆነ ከዚያም በላይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ይተክለዋል፣ እንደገናም ይበሰብስበታል። ስትተክይውም በደረቅ ጠጠር ላይ ተክለሽ ተይው፤ ሥር ሲጀምር ታጠጫለሽ።

አፈሩን አንቺ ራስሽ ቀላቅዪ። ግማሹን ሬድ አሽ ወይም የተሰባበረ ፑሚስ፣ ሌላውን ግማሽ አፈርና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት አድርጊው። ማሰሮው የሸክላ ቢሆን ይመረጣል፣ ይተነፍሳልና። የቆርቆሮም ሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ከሆነ ታቹ ይበሳ። ታች ቀዳዳ በሌለው ዕቃ የተተከለ ካክተስ ካየሽ ሻጩ ስለ ተክሉ ግድ እንደሌለው እወቂ። ውሃ ስታጠጪ ከታች እስኪፈስ አጥግቢው፣ ከዚያ አፈሩ እስከ ታች እስኪደርቅ ርሺው። በበልጉና በክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮ ሥር ይቀመጡ፤ አንቺ ባለሽበት በዲላ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ፀሐይ ይሙቁ። ከጨለማ ክፍል አውጥተሽ ግን በአንድ ጊዜ ቀትር ፀሐይ ላይ አታውጪያቸው፣ ቆዳቸው ይቃጠላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አዲስ ተክል በገዛሽ ቁጥር ከሌሎቹ ለይተሽ ለጥቂት ሳምንታት አቆዪው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በእሾሁ ሥርና በቅጠሉ ብብት ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካየሽ ተባይ ነው፤ በአልኮል በነከርሽው ጥጥ ጥረጊው፣ በየሳምንቱም ድገሚው። ጫፉ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ኳስ የተሰካበትን ካክተስም መልኩን ብቻ አይተሽ አትግዢ። ኳሱ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ራሱን መመገብ አይችልም፤ በሌላ ካክተስ ግንድ ላይ ተቀጥሎ ነው የሚኖረው፣ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ አጭር ነው።

ሌላው ነገር ደግሞ፣ የያዝሽው ምን እንደሆነ እወቂ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በረንዳሽ ላይ ካሉት እሾሃም ተክሎች ውስጥ አንዳንዶቹ ካክተስ አይደሉም፣ የቁልቋል ዘመዶች ናቸው። በረሃ ሁለቱን አንድ መልክ አስያዛቸው እንጂ ቤተሰባቸው የተለያየ ነው። እሾሁን ተጠግተሽ ተመልከቺ፦ ካክተስ ከሆነ እሾሁ የሚወጣው ጸጉር ከመሰለች ትንሽ ትራስ ላይ ነው፣ ብዙ ሆኖ ተሰብስቦ። የቁልቋል ወገን ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ ከጠንካራ ጠርዝ ላይ ይወጣል፣ ሲቆረጥም ነጭ ወተት ያፈሳል። በወተቱ ብቻ ግን አትፍረጂ፤ ማሚላሪያ ከሚባሉት ካክተሶች አንዳንዶቹም ወተት አላቸው። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። ቤትሽ ውስጥ ሕፃናት አሉና እነዚህን ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ስትቆርጪም ጓንት አድርጊ። ድንገት ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ።

ልጄ፣ የሚያሳዝነኝ ገንዘብሽን አጠራቅመሽ የሩቁን ማሳደድሽ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የሬት ዝርያዎች አሉ፣ ብዙዎቹም ሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተራራ ለተራራ እየዞሩ አጥንተዋቸዋል፣ ለአንዳንዶቹም ስም ሰጥተዋል፤ ከኖርዌይቷ ኢንገር ኖርዳል ጋር ሆነው ስለ ሬቶቻችን መጽሐፍ ጽፈዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ለንደን ያለው የኪው ዕፅዋት ተቋም ዓለም አቀፍ ሜዳሊያውን ሸልሟቸዋል። አንዱ ሬት በያቤሎ ስም «ያቬላና» ይባላል። ሌላው ከገደል ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድግ ነው፣ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ስም «ተወልደይ» ተብሏል። በስምጥ ሸለቆው ደቡብ ያለው ደግሞ የኢትዮጵያን ዕፅዋት ብዙ ባጠናው በማይክል ጊልበርት ስም «ጊልበርቲ» ይባላል። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ከእነዚህ አንዷን ለማየት ባሕር ያቋርጣሉ። እኛ ሬትን የምናውቀው ሕፃን ጡት ለማስጣል፣ አለዚያም «እንደ ሬት መረረኝ» ለማለት ነው። ሲያብብ ቆመሽ አይተሽው ታውቂያለሽ? ቱቦ የመሰሉት አበቦች ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ ይከፈታሉ፤ አበባ ቀሳሚዋ ወፍ የተጠማዘዘ አፏን እስከ ሥሩ ታስገባለች፣ ስታወጣው ግንባሯ ላይ ቢጫ ብናኝ ተለጥፎ ይታያል።

እንዳሁላም አለ፣ በየአጥሩ ሥር። ከካክተስ ወገንም ቢሆን ለእኛ ጉም የሚስማማ አለ። ሪፕሳሊስ የሚባለው፣ እሾህ የሌለው፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ አረንጓዴ ክር የሚንጠለጠል ካክተስ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ውስጥ ይገኛል። ከአሜሪካ አህጉር ውጭ በተፈጥሮ የሚበቅል ካክተስ እርሱ ብቻ ነው። ትንንሽ ነጭ ፍሬዎቹን ወፎች ይበሏቸዋል፣ ዘሩንም ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ያዛምታሉ። ሌሎችም የደን ካክተሶች አሉ፤ ሌሊት የሚያብበው ኤፒፊለም አንዱ ነው፤ ጥላና እርጥበት ይወዳሉ። እኔ አንቺን ብሆን በረሃ ለበረሃ ከምባዝን ከእነዚህ እጀምር ነበር። ለጌዴኦ አየር የተፈጠሩ ይመስላሉ።

አሁን ወደ ከረጢቱ ሰውዬ እንምጣ። አትግዢው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በደቡብ አፍሪካ ኮኖፊተም የሚባሉ፣ ጠጠር የሚያክሉ ተክሎች አሉ፤ የውጭ ገዢዎች ስለፈለጓቸው ብቻ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በመቶ ሺዎች ተነቅለው ሲወጡ ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጣሊያን ፖሊስ ከቺሊ የተዘረፉ ከ1,000 በላይ ካክተሶች አንድ ሰው ቤት ውስጥ አግኝቷል፤ ከእነዚያ ብዙዎቹ በማግስቱ ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የአሪዞናው ሳጓሮ ካክተስ በ10 ዓመቱ ገና ከጣት አይበልጥም። እንዲህ አዝግሞ የሚያድግን ተክል አንድ ሰው በአንድ ቀን ይነቅለዋል፤ ለመመለስ ግን የሰው ዕድሜ አይበቃም። ለዚህ ነው በዓለም አቀፉ የሳይቲስ ስምምነት ካክተሶች ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሬቶችም ከተለመደው የመድኃኒት ሬት በቀር ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ የተደነገገው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የዚህ ስምምነት አባል ናት። በአገር ውስጥም የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አለ፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998ም አለ፤ የጄኔቲክ ሀብታችንንና የማኅበረሰቡን መብት የሚጠብቅ ነው።

ሕጉን ትተሽ በገበሬ ዓይን እዪው። እኛ እንሰት ስናበዛ ሁለት ሦስት ዓመት የሞላውን እንመርጣለን፤ ግንዱን ቆርጠን፣ አምቾውን መሃሉን ፈልፍለን፣ ጥቂት ቀን አጠውልገን እንቀብረዋለን፤ ከአንዱ አምቾ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ሳይተካ የሚነቅል ሰው ግን ልጆቹን ያስርባል። ሬት ከእንሰትም ይልቅ ለጋስ ነው፣ በብዙው ዓይነት እናቲቱ ሳትሞት ከጎኗ ልጆች ትሰጣለች። ልጅቷን ከነሥሯ ለይተሽ ስትወስጂ እናቲቱ በቦታዋ ትቀራለች፣ ወፏም አበባዋን አታጣም። ልጅ የማይሰጠውን ዓይነት ከዘር አፍዪው፤ አንድ ፍሬ ውስጥ ብዙ ዘር አለ። ከአንድ ሰው የአትክልት ቦታ፣ አብቅሎ ከሚሸጥ ሰው፣ ከጓደኛ ውሰጂ። ከገደልና ከሜዳ አትንቀዪ፣ የነቀለውንም አትግዢ። ገዢ ካጣ ነቃዩ ያርፋል። ሰውዬው «እኔ ባልወስደው ሌላው ይወስደዋል» ይልሻል። ይውሰደው፤ ገዢዋ ግን አንቺ እንዳትሆኚ ነው የምለው።

ሰብሳቢ ነኝ ካልሽ ደብተር ይኑርሽ። ለእያንዳንዱ ተክል ስሙን፣ ከማን እንዳገኘሽው፣ መቼ እንደ ገባ፣ እናቱ ከየት አካባቢ እንደ መጣች ጻፊ። ማሰሮውም ላይ ቁጥሩ በማይጠፋ ቀለም ይጻፍ። ታሪኩ የማይታወቅ ብርቅ ተክል ለሳይንስም ለሰብሳቢም ግማሽ ዋጋ እንኳ የለውም። ከበዛልሽም አካፍዪ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንቺ ጋ ብቻ ያለ ተክል አንድ ቀን ዝናብ ቢያሰጥመው ጠፋ ማለት ነው፤ ሦስት ጓደኞችሽ ጋ ካለ ግን ከእነርሱ መልሰሽ ትወስጃለሽ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕፅዋት የሚያጠኑ ልጆች አሉ፤ ፈልጊያቸው፣ አብራችሁ ሁኑ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፣ እርሱን አጥብቄ እነግርሻለሁ። የቆረጥሽውን ቅርንጫፍና የጠላሽውን ተክል ወንዝ ዳር ወይም ቡና ሥር አትጣዪ። በለስ በትግራይ ስንቱን ቤተሰብ በክረምት የመገበ ተክል ነው፤ እዚያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቀለም ለማምረት ተብሎ የገባ ተባይ ከቁጥጥር ወጥቶ ሰፊ የበለስ መሬት አወደመ። የበለስ ዘመዶች ደግሞ በኬንያ ላይኪፒያ ግጦሹን ወርረው ከብቱንም የዱር አራዊቱንም በእሾሃቸው አቆሰሉ። ተክሉም ተባዩም ከቦታው ከወጣ ማንም አይመልሰውም። ጌዴኦ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና አድርጎ አያት ቅድመ አያት የደረደረው አገር ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይባልብን፣ ለጌጥ ብለን ያስገባነው እዚህ አረም ሆኖ እንዳይወጣ። ትርፍራፊውን ፀሐይ ላይ አድርቀሽ አቃጥዪው። የቁልቋልና የቅንጭብ ወገን ከሆነ ግን ጭሱም ስለሚያቃጥል አርቀሽ በጥልቅ ቅበሪው።

ቡና ለቅመን ከጨረስን በኋላ፣ በጥር፣ ወደ ጎቲቲ ነይ። በአጥሬ ሥር ያለው ሬት ዘንድሮ በጎኑ ብዙ ልጆች አውጥቷል። መለየቱን አሳይሻለሁ፤ የምትፈልጊውን ያህል ወስደሽ ለጓደኞችሽም ታካፍያለሽ። ታቻቸው የተበሳ ማሰሮዎችና አንድ ከረጢት ሬድ አሽ ይዘሽ ነይ፣ እዚህ አይገኝም።