እውነትን ስለ ማፈን

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ አንዳንድ ቃል ትንሽ ሆኖ ሳለ በውስጡ ታላቅ ተግሣጽ ተሸክሞ ይገኛል። «በርክ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ከነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ እንግሊዞች ራሳቸው እምብዛም አይናገሩበትም፤ ትርጓሜውም አንድን ነገር ድምፅ ሳያሰሙ አፍኖ ማስቀረት፣ ጥያቄን ሳይመልሱ ማዳፈን ማለት ነው።

ቃሉ የተገኘው ከሰው ስም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1828 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ ዊልያም በርክና ዊልያም ሄር የሚባሉ ሁለት ሰዎች 16 ነፍስ አጠፉ። በዚያ ዘመን የሕክምና መምህራን ለትምህርት የሚሆን ሬሳ በብርቱ ይፈልጉ ነበርና፣ ድሆችን በመጠጥ እያደከሙ፣ አፍና አፍንጫቸውን አፍነው እየገደሉ ሬሳውን ለዶክተር ሮበርት ኖክስ ሸጡ። በጩቤ አልወጉም፤ በሬሳው ላይ የቁስል ምልክት አልነበረም፤ ገዢውም አጥብቆ አልጠየቀም። ሄር በባልንጀራው ላይ መስክሮ ዳነ፤ በርክ በ1829 ዓ.ም. ተሰቀለ። ኖክስም ለፍርድ አልቀረበም። የበርክ ስም ግን ግሥ ሆኖ ቀረ፤ መጀመሪያ ሰውን አፍኖ መግደል፣ ኋላም እውነትን አፍኖ ማስቀረት ማለት ሆነ።

ይህን ቃል በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመዝገበ ቃላት አገኘሁት፤ የተረዳሁት ግን አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ከክፍሌ ገንዘብ ጠፍቶ ጥርጣሬው በአንድ ድኻ ልጅ ላይ ወደቀ። እኔ ከመሳቢያው አጠገብ ያየሁት ሌላውን፣ የባለጸጋውን ልጅ ነበር። በስብሰባው ላይ ዳይሬክተሩ «የሚሉት ነገር አለ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «የለም» አልሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልሁም ራሴን አጽናናሁ። ድኻውን ልጅ በአንደበቴ አልከሰስሁትም። እርሱ ግን በማግሥቱ ደብተሩን ይዞ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ሐሰት የሚናገር ሰው ቃሉ ይመሰክርበታል። እውነትን የሚያፍን ግን ምልክት አይተውምና ራሱን እንደ ንጹሕ ይቆጥራል፤ ክፋቱም በዚህ ይብሳል።

ዝምታ ሁሉ ማፈን ነው አልልም፤ የወዳጅን ምሥጢር መጠበቅ መልካም ነው። ስለዚህ ዝም ከማለትህ በፊት «በዝምታዬ ትንፋሽ የሚያጥረው ማን ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ሰው ካገኘህ ተናገር። እኔ ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት ልጁ ከሄደ በኋላ ነበር።