ሳይለካ «ሞቷል» አይባልም

ውድ እህቶቼ፣ በዚህ እትም አንድ ጥያቄ ላንሳ። አንድን ነገር «አለቀለት፣ አይሰራም» ብሎ ለመፍረድ መብት ያለው ማን ነው? ያየው ሁሉ ነው ወይስ የመረመረው ብቻ?

ጥያቄው የመጣብኝ ከኮምፒውተር ነው። እዚህ ቤሩት የምሰራበት ቤት አባወራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሮጌ ኮምፒውተር እየሰበሰቡ ይጠግናሉ፤ አብዛኛው 386 እና 486 የሚባለው ዓይነት ነው። ኢንቴል የ386ን ቺፕ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1985፣ የ486ን ደግሞ በ1989 ነው፤ ብዙዎቻችን ሳንወለድ ማለት ነው። ክፍላቸውን ሳጸዳ እጠይቃቸዋለሁ፣ እሳቸውም ማስረዳት ይወዳሉ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አስረኛ ክፍል ላይ ነው፤ ነገሩ ግን ቀስ ብሎ ላስረዳው ሰው የሚገባ ነው።

እነዚህ ማሽኖች ወደሳቸው የሚመጡት «ሞቷል» ተብለው ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ድምፅ የለ፣ መብራት የለ፣ ስክሪኑ ጥቁር። እሳቸው ግን ወዲያው ማዘርቦርዱን አይወቅሱም። (ማዘርቦርድ ማለት ቺፑም መስመሩም ሁሉ የተያያዘበት ትልቁ ሰሌዳ ነው።) መጀመሪያ የሚለኩት ፓወር ሰፕላዩን ነው። ለቦርዱ 5 ቮልትና 12 ቮልት መድረስ አለበት። ካልደረሰው ቦርዱ ምን አጠፋ? ያልበላን ሰው ለምን አልሮጥክም ብሎ የሚቆጣ የለም።

አንዳንዴ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ሆኖ አልነሳም ይላል። ቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ሾርት አድርጋ ከሆነ፣ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ያቺን ካፓሲተር ሲያነሷት ይነሳል። ዝምታው ሞት አልነበረም፣ ራስን መጠበቅ ነበር።

ይህ ነገር ብዙ አሳሰበኝ። ከመካከላችን ዝም ያለች፣ ሳትጫወት ሳትስቅ የምትውል ልጅ ስናይ «አብዳለች» ወይም «ኮርታለች» ለማለት እንቸኩላለን። አሰሪም «ሰነፍ ናት፣ ቀይሩልኝ» ብሎ ቢሮ ይደውላል። ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ደሞዟ ስንት ወር እንደተያዘ፣ ከእናቷ ጋር መቼ እንዳወራች የለካ ማን አለ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ለመደበቅም እኮ መጀመሪያ ጠያቂ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የገረመኝ የባትሪው ነገር ነው። በብዙዎቹ ቦርዶች ላይ ትንሽ በርሜል የምትመስል የ3.6 ቮልት ባትሪ ተበይዳለች። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱንና ቀኑን እንዳይረሳ ማድረግ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ፈሳሿ ይወጣና አጠገቧ ያለውን የመዳብ መስመር ይበላዋል፤ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ይሆናል። ብዙ ሰው «አሲድ ነው» ይላል። አይደለም፤ ኬሚስትሪ ላይ ቤዝ ብለን የተማርነው፣ የአሲድ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ የሚጠበው በአቼቶ ነው፣ ከዚያ በንጹህ ውሃና በአልኮል። የበሽታውን ስም የተሳሳተ መድኃኒቱንም ይሳሳታል።

ከታጠበ በኋላ መስመሩን አንድ በአንድ በመልቲሜትር ይፈትሹታል። ሁለቱን ጫፍ ሲነኩት ጢጥ ካለ ደህና ነው፣ ዝም ካለ ተበልቷል። በተበላው ቦታ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ሽቦ ይበይዳሉ። አንዳንዱ ቦርድ በዚህ ይነሳል። ጉዳቱ በሰሌዳው ንብርብር ውስጥ የገባበት ደግሞ አይነሳም። ያኔ «አልቻልኩም» ይላሉ እንጂ «ቆሻሻ ነው» አይሉም። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ አንደኛው ስለ ጠጋኙ አቅም ይናገራል፣ ሌላው በዕቃው ላይ ይፈርዳል።

ግን እህቶቼ፣ መጠገን የሚለው ቃል ራሱ ሊያታልለን ይችላል። ባትሪዋ ሳትወጣ ቦርዱን ቢያጥቡትም ሽቦ ቢቀጥሉለትም ተመልሶ መበላቱ አይቀርም። የመጀመሪያው ሥራ ባትሪዋን ቆርጦ ማውጣት ነው። እኛስ? ተሰብራ የመጣችን ልጅ «በርቺ፣ ቻይው፣ ያልፋል» ብለን ወደዚያው ቤት የምንመልስበት ጊዜ አለ። የሚመታት እጅ፣ የተያዘ ፓስፖርት፣ ያልተከፈለ ደሞዝ እዚያው እያለ ትዕግሥት መስበክ አረንጓዴውን ጠርጎ ባትሪውን መተው ነው። መቻል ጥሩ ነው፤ የሚበላንን ነገር መቻል ግን ጥንካሬ ተብሎ ሊመሰገን አይገባም።

«ሰውን ከዕቃ ጋር ታወዳድሪያለሽ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እንደ ዕቃ መቆጠር ከማንም በላይ የሰለቸን እኛ ነን። ቦርድ ቢጣል አይከፋውም፣ ዋጋውም በመሥራቱ ነው። የሰው ልጅ ክብር ግን ሠርታም ታማም ያው ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከሰላሳ ዓመት በላይ ላስቆጠረ ዕቃ ይህን ያህል ሰዓትና ትዕግሥት ሲሰጠው አይቻለሁ። ለሃያ ዓመት ልጅ የዚያ ግማሽ ከተነፈገ፣ ምክንያቱ ጊዜ ስለሌለ አይደለም፤ ገና ሳትታይ ስለተፈረደባት ነው።

ስለዚህ እሁድ ስንገናኝ ጥግ ይዛ ዝም ያለች ካለች፣ ስም ከማውጣታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቃት። በልተሻል? ተኝተሻል? ተከፍሎሻል? ከዚያ ቁጭ ብለን መልሷን እንስማ። ምን መደረግ እንዳለበት የሚታወቀው ያኔ ነው።